አርባ አንደኛው ብልቃጥ

ጉም ከባሕር ወጥቶ ሴንት ጆንስን ሲያለብስ፣
ክሌም ፓወር መጣ፣ ቦቲው ውሃ እስኪያፈስ።
የፔቲ ሃርበር ሰው፣ ሸርጣን አጥማጅ ነው፣
ጠርሙስ ከኮቱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።
«ከወጥመዴ ሥር ነው፣ መቶ ሰማንያ ሜትር፣
ጭቃ ትወዳላችሁ ሲባል ሰማሁ በመንደር።»
በጠርሙሱ ሆድ ላይ የሚስቱ የዶርካስ ጽሕፈት፣
«ብሉቤሪ ጃም» ይላል፣ ቀይ ቀለም የደበዘዘበት።
ውስጡ ግን ጥቁር ጭቃ፣
ብርሃን አይቶ የማያውቅ፣ ከእንቅልፉ ያልነቃ።

ዘራሁት በሳህን፣ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ፣
ከነጭ ሻጋታ መሐል አንዲት ግራጫ ነጥብ አየሁ።
ክዳኑን ስከፍተው፣ የግንቦት በረዶ መስኮት ሲመታ፣
አፍንጫዬን ሞላው የደረቀ መሬት ሽታ፣
የመጀመሪያው ጠብታ ሲያርፍበት የሚተነፍሰው።
ከባሕር ወለል ሆኖ ዝናብን ከማን ተማረው?

ከሆስፒታል የመጣ ጀርም አለን፣ «ሰባት» የምንለው፣
ስድስት መድኃኒት ቀምሶ ስድስቱንም የናቀው።
ከማን ቁስል እንደተወሰደ አልተነገረንም፣
ሰውየው ይዳን አይዳን እኛም አልጠየቅንም።
በሰባት መስክ ላይ የግራጫዋን ጭማቂ ባንጠባጥብ፣
በነጋታው ጠርቶ አገኘሁት፣ የጨረቃ ክብ።
አለቃዬ ሶላንጅ ቴሪዮ መነጽሯን አወለቀች፣
«አሁን ገዳዩን ከሕዝቡ መሐል ለዪልኝ» አለች።

የመስታወት ዓምድ አቆምሁ፣ ነጭ ሲሊካ ሞላሁበት፣
ቡናማውን ዝቃጭ ከአናቱ አፈሰስሁበት።
ቀለማቱ በየወገናቸው ተለያይተው ወረዱ፣
ቢጫው ፈጥኖ፣ ቀዩ ተጎትቶ፣ የማይታዩትም ሳይታዩ ሄዱ።
ጠብ፣ ጠብ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣
ስልሳ ብልቃጦች ተሰልፈው ድርሻቸውን ተቀበሉ።

ስልሳውንም በሰባት ላይ ሞከርሁ።
አንድም አልገደለም።
ደገምሁ።
አንድም አልገደለም።
ሰባት በስልሳው ፊት በላ፣ ጠጣ፣ ወፈረ፣
የዓመት ልፋቴ ደብተሬ ላይ በአንድ ዜሮ ታሰረ።
«ብርሃን ነክቶት ይሆናል» አለች ሶላንጅ፣ «ወይ ሲሊካው ውጦት፣
ሙያችን እንዲህ ነው። ነገ ሌላ ጭቃ አለ፣ ተይው፣ ጣዪው፣ እጠቢበት።»

ስንፍና ነው የጠቀመኝ።
ስልሳ ብልቃጥ አንድ በአንድ መድፋት ሰልችቶኝ፣
ትርፍራፊውን ሁሉ በአንድ ጠርሙስ ገለበጥሁት፣
በንዴት፣ አዎ በንዴት፣ ሰባት ላይ ጠብ አደረግሁት።
ጠዋት ስመጣ ክቡ ተመልሷል።

አንዱን እያስቀረሁ የቀሩትን ደባለቅሁ፣ ስልሳ ጊዜ።
አሥራ ሁለትን ባስቀር፣ ሰባት ዳነ።
አርባ አንድን ባስቀር፣ ሰባት ዳነ።
ሃምሳ ስምንቱ አዳማቂ ነበሩ።
አርባ አንድ የጀርሙን ግንብ ይሸነቁራል፣ ገብቶ ግን ሥራ የለውም፤
አሥራ ሁለት መርዝ ነው፣ ቀዳዳ ካላገኘ ግን መግባት አይችልም።
የጠፋብኝ ስለለየሁት ነበር።

አርባ አንድ አዲስ አይደለም፤ የቀደሙን አግኝተውት ነበር፣
ብቻውን ፈትነው «የማይረባ» ብለው አስቀመጡት ከመዝገብ ዳር።
አሥራ ሁለትን የሚያውቀው የለም። ሁለት ሚሊግራም ነው በጠቅላላው፣
ሳስነጥስ ክዳኑን በመዳፌ የምሸፍነው።

በነሐሴ ክሌም መጣ። «እና? መድኃኒት ሆነ?»
«አልሆነም» አልሁት። «ገና አይጥ አለ፣ ጉበት አለ፣ ኩላሊት አለ፣
አሥር ዓመት አለ፤ መንገድ ላይ የሚቀረው ከሚደርሰው በለጠ።»
አገጩን አከከ። «ወጥመድም ባዶውን ይወጣል፣ መልሰህ ትጥለዋለህ» አለ።
ቀጥሎ፣ የመጣበትን ነገር እያፈረ፦
«ዶርካስ ጠርሙሷን ትፈልጋለች። ብሉቤሪው ደረሰ።»

ሁለት ጊዜ በእንፋሎት ቀቅዬው ነበር፣ ጽሕፈቷ ለቋል።
ክዳኑን ከፈተ፣ አፍንጫውን ከተተ፣ ብዙ ቆየ።
«ምንም አይሸትም» አለኝ፣ ትንሽ ቅር ብሎት፣
ከኮቱ ኪስ አስገብቶት ወጣ፣ ጉሙ በሩ ሥር ቆሞለት።